አማካሪ ያልተገኘለት ዶክትሬት

ዶክትሬት ብቻውን የሚጨርሰው ተማሪ የለም። ቀን ከሌት ቢያነብ፣ ቢጽፍ፣ ጽሑፉን አስጠርዞ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጥ እንኳ፣ መንገዱን የሚያውቅ አማካሪና ፊርማውን የሚያኖር ፈታኝ ካላገኘ ድካሙ ዲግሪ አይሆንም። የጥቁር ሕዝብ ጥናት በአሜሪካ ራሱን ችሎ የዶክትሬት ትምህርት የሆነው በ1988 ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከዚያ በፊት ጥናቱም ነበር፣ ተማሪዎቹም ነበሩ፤ ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የጠፋው ፈራሚው ነው።

ይህን እጦት ከማንም በላይ የቀመሱት ዊሊያም ሊዮ ሃንስቤሪ ይመስሉኛል። በ1894 ሚሲሲፒ ውስጥ ተወለዱ። በወጣትነታቸው የጥቁር አሜሪካዊውን ምሁር የዱቦይስን «ዘ ኒግሮ» የተባለ መጽሐፍ አነበቡና ስለ ጥንታዊት አፍሪካ የማወቅ ጥማት ያዛቸው፤ ጥማቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም። ሃርቫርድ ተምረው በ1922 ዋሽንግተን ወደሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መጡና ስለ ኑቢያ፣ ስለ አክሱም፣ ስለ ምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት ማስተማር ጀመሩ። አፍሪካ ታሪክ የላትም የሚባልበት ዘመን ነበር። በገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው ሳይቀር «ይህ ሰው ማስረጃ የሌለው ነገር ያስተምራል» የሚሉ ባልደረቦች ተነሡባቸው። በ1932 ከሃርቫርድ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ። ሦስተኛውን ግን አላገኙም። የሃርቫርዱ አንትሮፖሎጂስት ኧርነስት ሁተን ኋላ በጻፉት የድጋፍ ደብዳቤ ምክንያቱን ሳይሸፋፍኑ ተናግረዋል፦ በዚህ መስክ የሃንስቤሪን ያህል የሚያውቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ ጥናታቸውን ሊመራ የሚችል ዩኒቨርሲቲም አልተገኘም። ከሁሉ በላይ በማወቃቸው ሳቢያ ማዕረጉ ቀረባቸው ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሃንስቤሪ ለእኛ የሩቅ ሰው አይደሉም። በ1934 ሃዋርድ ሕክምና ይማሩ ከነበሩት ከመላኩ በያን ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤት የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ስለ ኢትዮጵያ በመረጃ የሚናገሩ ጥቁር አሜሪካውያን ምሁራን የተገኙት እንዲህ ካለው ስብስብ ነበር። ዶክተር መላኩም በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሥርተው ለአገራቸው ድጋፍ ሲያሰባስቡ ቆይተው በ1940 በወጣትነታቸው አረፉ። የሃንስቤሪ ተማሪ የነበሩት ንናምዲ አዚኪዌ የናይጄሪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሃንስቤሪ ራሳቸው በ1964 በአዲስ አበባ ስለ አፍሪካ ላደረጉት ምርምር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን ሽልማት ተቀበሉ፤ በዓመቱ አረፉ። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ያዘጋጁት የማስተማሪያ ጽሑፍ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው ከሞቱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1974 ነው።

ከሃንስቤሪ በፊት ዶክትሬት የያዙ ጥቁር ምሁራን መኖራቸው እውነት ነው። ግን በምን ርዕስ፣ በማን ፈቃድ የሚለውን ማየት ያስፈልጋል። ዱቦይስ በርሊን ሄደው ከዘመኑ ታላላቅ የኢኮኖሚ ምሁራን ሥር ሲማሩ ዶክትሬቱ ሊሰጣቸው ጥቂት ጊዜ ቀርቶ ነበር፤ ወጪያቸውን የሚሸፍነው ድርጅት ገንዘቡን አላድስም ስላለ ሳይጨርሱ ተመለሱ። በ1895 ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ። ጽሑፋቸው ወደ አሜሪካ ይደረግ የነበረው የባሪያ ንግድ እንዴት እንደታገደ የሚመረምር ነበር፤ በማግስቱ ዓመት የሃርቫርድ የታሪክ ጥናቶች ተከታታይ ኅትመት የመጀመሪያው ቅጽ ሆኖ ወጣ። ይህ ታላቅ ክብር ነው። ያም ሆኖ እኚህ ሰው በነጮች ዩኒቨርሲቲ የማስተማር ወንበር አላገኙም።

ካርተር ዉድሰን ደግሞ የበለጠ ያስገርሙኛል። ወላጆቻቸው በባርነት የኖሩ ናቸው፤ እሳቸውም በዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሠርተው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጀመሩት በ20 ዓመታቸው ነበር። በ1912 ከሃርቫርድ ዶክትሬታቸውን ያዙ። ዛሬ «የጥቁር ታሪክ አባት» የሚባሉት ዉድሰን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሠሩት ግን የቨርጂኒያ ግዛት ለሁለት እንዴት እንደተከፈለች በሚል ርዕስ ነው። ስማቸው የተነሣበትን ሥራ የሠሩት ከዲግሪው በኋላ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ ነበር። በ1915 ቺካጎ ላይ የጥቁር ሕይወትና ታሪክ ጥናት ማኅበርን መሠረቱ፤ በ1916 የምርምር መጽሔት ማሳተም ጀመሩ፤ በ1926 ዛሬ የጥቁር ታሪክ ወር ተብሎ ወር ሙሉ የሚከበረውን ሳምንት አወጁ። ዩኒቨርሲቲ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ማኅበር ሠራው።

አና ጁሊያ ኩፐርም አሉ። ባርነት ውስጥ ተወልደው፣ ዋሽንግተን ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ መምህርነት እያገለገሉ፣ የዘመድ ልጆች እያሳደጉ፣ በ1925 ከሶርቦን ዶክትሬታቸውን ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበር። የጻፉት በአብዮቱ ዘመን ፈረንሳይ ስለ ባርነት ስለነበራት አቋም ነው። ስለ ባርነት የጻፈች፣ በባርነት የተወለደች ሴት ፈታኝ ያገኘችው ውቅያኖስ ተሻግራ፣ በፈረንሳይኛ ተናግራ ነው።

ርዕሱ ቢፈቀድ እንኳ ማስረጃው ያለበት በር አይከፈትም ነበር። ጆን ሆፕ ፍራንክሊን በ1939 የሃርቫርድ ዶክትሬታቸውን ለመሥራት ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ራሊ ከተማ ወደሚገኘው የግዛቱ ቤተ መዛግብት ሄዱ። ርዕሳቸው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በዚያ ግዛት ይኖሩ ስለነበሩ ነፃ ጥቁሮች ነው። የመዛግብቱ ኃላፊ ሕንጻው ሲሠራ ጥቁር ተመራማሪ ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው እንዳልነበረ ነግረዋቸው ጥቂት ቀን እንዲታገሡ ጠየቁ። ከዚያም ለብቻቸው ትንሽ ክፍል ተዘጋጀላቸው። ነጭ ሠራተኞች ጥቁር ሰው እንዳያስተናግዱ ሲባል መዛግብቱ የሚቀመጥበት ክፍል ቁልፍ ተሰጣቸው፤ ጋሪ እየገፉ የሚፈልጉትን ሰነድ ራሳቸው ያወጡ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ነጮቹ ተመራማሪዎች «እሱ እንዳሻው ሲገባ እኛ ለምን እንጠብቃለን?» ብለው አመለከቱ። ቁልፉ ተነጠቀ። መለያየቱ ያመጣውን ዕድል ራሱ መለያየቱ መልሶ ወሰደው። ፍራንክሊን ዶክትሬቱን በ1941 ያዙ፤ በ1947 ያሳተሙት የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ለትውልዶች የመማሪያ መጽሐፍ ሆነ።

ቤተ መጻሕፍቱም የራሱ ችግር ነበረበት። ዶሮቲ ፖርተር በ1930 የሃዋርድን የጥቁር መጻሕፍት ስብስብ ተረከቡ። በዚያን ጊዜ በመላው አሜሪካ ይሠራበት የነበረው የዲዊ የመጻሕፍት አመዳደብ አንድ ጥቁር ሰው የጻፈውን ሁሉ በሁለት ቁጥር ያጉር ነበር፤ 325 የቅኝ ግዛትና የስደት፣ 326 የባርነት። ግጥም ቢሆን፣ ልቦለድ ቢሆን፣ የሙዚቃ ታሪክ ቢሆን እዚያው ነው። ፖርተር ይህን አልቀበልም አሉ። መጻሕፍቱን በደራሲያቸው ሳይሆን በጉዳያቸው አደራጁ፤ ግጥሙ ከግጥም፣ ፍልስፍናው ከፍልስፍና ጋር ተቀመጠ። ከ40 ዓመት በላይ በዚሁ ሥራ ቆዩ። ዛሬ ዶክትሬት የሚሠራ ተማሪ ኮምፒዩተር ላይ ርዕስ ጽፎ መጽሐፉን ሲያገኝ እኚህን ሴት ማመስገን ይገባዋል። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ በ1926 የፖርቶ ሪኮ ተወላጁ አርቱሮ ሾምበርግ ያከማቹት ስብስብ በ10,000 ዶላር ተገዝቶ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ተሰጠ፤ ሃርለም ያለው የሾምበርግ ማዕከል መነሻው ይኸው ነው። የጥቁር ሕዝብ ጥናት ቤተ መዛግብቱን የሠራው ትምህርት ክፍሉን ከማግኘቱ ከ40 ዓመት በፊት ነው።

ትምህርት ክፍሉን ያመጡት ተማሪዎች ናቸው። ኅዳር 6 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ የጥቁር ተማሪዎች ማኅበርና የሌሎች ማኅበረሰቦች ተማሪዎች ጥምረት የትምህርት ማቆም አድማ ጠሩ። አድማው እስከ መጋቢት 1969 ዘለቀ፤ በአሜሪካ የተማሪ አድማ ታሪክ ይህን ያህል የቆየ የለም ይባላል። ፖሊስ ግቢውን ሞላው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ታሠሩ። የኮሌጁ ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ሃያካዋ ተማሪዎቹ ቅስቀሳ ያደርጉበት የነበረ መኪና ላይ ወጥተው የድምፅ ማጉያውን ሽቦ ሲነቅሉ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በየጋዜጣው ወጣ። ተማሪዎቹ 15 ጥያቄ ነበራቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ የጥቁር ጥናት ክፍል 20 የሙሉ ጊዜ መምህራን እንዲመደቡለት የጠየቁበት ነው። የጠየቁት ክፍል፣ ዲግሪ የመስጠት ሥልጣንና ወንበር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚኖረው በነዚህ መሆኑን ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ተረድተው ነበር። ጥያቄያቸው ሁሉ ባይሟላም ክፍሉ ተመሠረተ። ክፍሉን እንዲያደራጁ የተጠሩት የሶሲዮሎጂ ዶክተሩ ናታን ሄር ግን ውላቸው ሳይታደስ ተሰናበቱ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በየግቢው ተቀጣጠለ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1969 በጄምስ ተርነር መሪነት «አፍሪካና» የተባለ የጥቁር ሕዝብ ጥናት ማዕከሉን ከፈተ፤ በዓመቱ የማዕከሉ ሕንጻ በእሳት ወደመ፤ ማዕከሉ ግን ሥራውን ቀጠለ። ሃርቫርድም በዚያው ዓመት ክፍል መሠረተ። ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ ወለጋ፣ ነጆ የተወለዱት ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ ነበሩ፤ የግዕዝና የጥንት ሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ የጥቁር አሜሪካውያንን ጥናት ሲያስጀምሩ ማለት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመላው አገሪቱ በመቶ የሚቆጠሩ ክፍሎችና ፕሮግራሞች ተከፈቱ።

ነገር ግን ሁሉም አንድ ዕዳ ይዘው ተነሡ። መምህራኑ ዶክትሬታቸውን የያዙት በታሪክ፣ በሶሲዮሎጂ፣ በሥነ ጽሑፍ ነው። ብዙዎቹ ግማሽ ደመወዛቸው ከጥቁር ጥናት፣ ግማሹ ከሌላ ክፍል ነበር፤ ዕድገታቸውንና ቋሚነታቸውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሌላው ክፍል ነው። ለሁለት ጌታ መገዛት ከባድ ነው። በጀት ሲጠብ ደግሞ መጀመሪያ የሚታጠፈው የራሱ ምሩቅ የሌለው ክፍል ነው፤ በሰባዎቹ መጨረሻ ብዙዎቹ እንዲሁ ከሰሙ። የመጀመሪያ ዲግሪ እየሰጠ ነገ የሚያስተምሩትን ግን የማያፈራ መስክ መምህሩን ሁልጊዜ ከጎረቤት ይለምናል።

ይህን የቆረጡት ሞለፊ ከቴ አሳንቴ ናቸው። በ1942 ጆርጂያ ውስጥ ቫልዶስታ በምትባል ከተማ አርተር ሊ ስሚዝ ተብለው ተወለዱ፤ በ1968 ሎስ አንጀለስ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኮሚዩኒኬሽን ዶክትሬት ሲይዙ ዕድሜያቸው 26 ነበር። በ1980 «አፍሮሴንትሪሲቲ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። መከራከሪያቸው ባጭሩ፣ የአፍሪካ ሰው በገዛ ታሪኩ ውስጥ ባለቤት እንጂ ሌላው የሚያየው ዕቃ ሆኖ አይጠና የሚል ነው። በ1984 ፊላደልፊያ ወደሚገኘው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ መጡ። ሰብሳቢው ቻርልስ ብሎክሰንም ዕድሜ ልካቸውን ያከማቹትን የጥቁር መጻሕፍት ስብስብ ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሰጡት በ1984 ነው። ብሎክሰን ልጅ ሳሉ አስተማሪያቸው ጥቁሮች ታሪክ የላቸውም ብላ ስትናገር በመስማታቸው መሰብሰብ እንደጀመሩ ይናገሩ ነበር። መዛግብቱም ሰውየውም አንድ ግቢ ተገናኙ። በ1988 ቴምፕል በአፍሪካ አሜሪካውያን ጥናት የመጀመሪያውን የዶክትሬት ፕሮግራም ከፈተ።

የአሳንቴ አስተሳሰብ ክርክር አስነሣ። ሜሪ ሌፍኮዊትዝ የተባሉ የጥንታዊት ግሪክ ጥናት ምሁር በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ አፍሮሴንትሪዝምን ተረት እንደ ታሪክ ያስተምራል ብለው ወረዱበት፤ ከጥቁር ምሁራንም የተቃወሙ ነበሩ። እኔ በበኩሌ ከተቺዎቹ አንዳንዱ ነጥብ ትክክል ይመስለኛል፤ ስለ ጥንታዊት ግብፅ የተባለው ሁሉ ማስረጃ አልነበረውም። ሆኖም የቴምፕል ፕሮግራም ዋጋ በአንድ ቲዎሪ አይለካም። ተማሪው ከእንግዲህ የታሪክ ክፍል ደጅ ቆሞ ርዕሱ እስኪፈቀድለት አይጠብቅም። አማካሪው ከክፍሉ ነው፣ ፈታኙም ከክፍሉ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳየው የአየለ በከሪ ሥራ ነው። ዶክተር አየለ ዶክትሬታቸውን የሠሩት ቴምፕል ውስጥ፣ በዚሁ የጥቁር ጥናት ፕሮግራም ነው። የምርምራቸው ፍሬ የሆነውና በ1997 የታተመው መጽሐፋቸው የሚያጠናው ፊደላችንን ነው፤ ሀ ሁ ሂ ሃን። ፊደሉ ከደቡብ ዓረቢያ ተሻግሮ የመጣ ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ሞግተው፣ የግዕዝ ፊደል ቅደም ተከተሉ፣ የቁጥር ዋጋውና ሥርዓቱ አፍሪካዊ የዕውቀት ማኅደር መሆኑን ተከራከሩ። የቋንቋ ሊቃውንቱ ሁሉ አልተቀበሉትም፤ ከደቡብ ዓረቢያ ጽሕፈት ጋር ያለው ዝምድና ዛሬም በጽኑ የሚሟገቱለት አሉ። ቁም ነገሩ ግን ጥያቄው የተጠየቀበት ቦታ ነው። ፊደላችን በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለዘመናት የተጠናው በሴማዊ ቋንቋዎች ክፍል፣ ከዕብራይስጥና ከዓረብኛ ጎን ነበር። እዚህ ግን ከጥቁር ሕዝብ የዕውቀት ታሪክ ጎን ቆሞ ተመረመረ። ዶክተር አየለ ከዚያ በኋላ ኮርኔል አስተማሩ፤ ከዓመታት በኋላም አገር ቤት ተመልሰው በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ አገልግለዋል።

ከቴምፕል ቀጥሎ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት በ1996 በዱቦይስ ስም በሚጠራው ክፍሉ ዶክትሬት ጀመረ። የዱቦይስ ወረቀቶች በ1973 የተገዙትና የተቀመጡት እዚያው ነው። የአምኸርስት አሠራር በጣም ደስ ይለኛል። መምህራኑ ተቀምጠው ተከራክረው የመስኩ ሊቅ ያላነበባቸው ሊሆኑ አይገባም ያሏቸውን 50 ያህል መጻሕፍት ለዩ። አዲስ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት እነዚህን በሙሉ ያነባል፣ ይጽፍባቸዋል፤ ታሪኩንም ልቦለዱንም ፖለቲካውንም። ሁሉም አንድ ላይ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ። አንድ ተማሪ ስለ ጃዝ፣ ሌላው ስለ ጥጥ እርሻ ሠራተኞች ሊጽፍ ያስብ ይሆናል፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን የሚነጋገሩበት የጋራ ንባብ አላቸው። ፕሮግራሙን ካቋቋሙት መካከል ሮበርት ፖል ዎልፍ የተባሉ፣ በካንትና በማርክስ ጥናት የታወቁ ነጭ ፈላስፋ ይገኙበታል። ዕድሜያቸው ገፍቶ ክፍል ቀይረው፣ መጻሕፍቱን ከባልደረቦቻቸው ተምረው አስተማሩ።

ሌሎቹ በየመንገዳቸው ሄዱ። በርክሌይ በ1997 ዓይኑን ከአሜሪካ ውጭ ወዳለው የአፍሪካ ዲያስፖራ አቀና። ሃርቫርድ በ2001፣ ኖርዝዌስተርን በ2006 ዶክትሬት ጀመሩ። ዬል ደግሞ ጥምር ዲግሪ መረጠ፤ ተማሪው የጥቁር ጥናትንና ሌላ አንድ መስክ፣ ለምሳሌ ታሪክን፣ አብሮ ይወስዳል፤ የሁለቱንም ክፍሎች መስፈርት ያሟላል። አትላንታ የሚገኘው ኢሞሪ የራሱን ያስጀመረው በ2023 ነው። የፍሎሪዳ መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀውን የአፍሪካ አሜሪካውያን ጥናት ኮርስ በግዛቱ ትምህርት ቤቶች እንዳይሰጥ የከለከለውም በዚያው ዓመት ነው።

ስልቱ ከሌላው ዶክትሬት ብዙም አይለይም። ሁለት ዓመት ገደማ ኮርስ፣ ከዚያ ጠቅላላ ፈተና፣ ከዚያ የጥናት ንድፍ፣ ከዚያ ረጅሙ የመዛግብትና የጽሑፍ ዘመን፤ እግረ መንገዱንም ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ፈተና ማረም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ሥራ ሲፈለግ ነው። ዛሬ የጥቁር ጥናት ክፍሎች ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጡ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «በአፍሪካ አሜሪካውያን ጥናት፣ በታሪክ፣ በሥነ ጽሑፍ ወይም በተዛማጅ መስክ» ዶክትሬት ያለው ሰው ነው። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ታሪክ ክፍል ግን በጥቁር ጥናት የተመረቀን ሰው እንዲሁ አይቀጥርም። ስለዚህ በሃምሳ መጻሕፍት ተፈትኖ፣ በራሱ መስክ ፈታኞች ፊት ቆሞ ያለፈ ምሩቅ በገዛ ቤቱ ከእንግዳ ጋር ይወዳደራል፤ በእንግዳው ቤት ግን መግቢያው ጠባብ ነው። ክፍሎቹ የራሳቸውን ምሩቃን ማስቀደም አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ፈራሚ ለማግኘት ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የጠበቀ መስክ ያፈራቸውን ፈራሚዎች ወንበር ላይ ለማስቀመጥ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ የቅጥር ኮሚቴው የገዛ ራሱ ነው።